የሳኬ ክብር በፍተጋ ልክ ይመዘናልን?

የአንድ ሕዝብ ባህል የሚገለጠው በሐውልቱ፣ በሥዕሉና በዜማው ብቻ አይደለም። ገበታውም የባህሉ መስተዋት ነው። ምግቡ የሚሰናዳበት ሥርዓት፣ መጠጡ የሚቀዳበት ዕቃ፣ ቀጂና ተቀጂ የሚለዋወጡት አክብሮት ሁሉ የረጅም ዘመን የሥራና የኑሮ ልምድ ያፈራቸው ናቸው። ስለዚህም ገበታን የሚመለከት የተሳሳተ ትምህርት ሲስፋፋ፣ ነገሩ የመብልና የመጠጥ ጉዳይ ነው ተብሎ በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም።

በጃፓኖች የሩዝ መጠጥ በሳኬ ላይ እየደረሰ ያለው ይኸው ነው። በቶኪዮም ሆነ በኒው ዮርክና በለንደን ውድ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሦስት ትእዛዛት ያሉት አንድ ትምህርት ሥር ሰዷል። አንደኛው ትእዛዝ፣ ሩዙ አብዝቶ በተፈተገ መጠን ሳኬው ይከብራል ይላል። ሁለተኛው፣ የከበረ ሳኬ ምን ጊዜም ቀዝቅዞ እንጂ ሞቆ አይቀርብም ይላል። ሦስተኛው፣ እንዲህ ላለው ሳኬ የሚገባው እግር ያለው የወይን ብርጭቆ ነው ይላል። ከሦስቱ እያንዳንዱ በቦታው ጥቂት እውነት አለው። ሦስቱ ተጣምረው ሕግ ሲሆኑ ግን ሳኬን ከገበታው ይነጥሉታል። የሳኬ መልካምነት የሚፈተነው ደግሞ ከገበታው ላይ፣ ከምግቡ ጎን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አጠማመቁን ማየት ያሻል። በጠላ አጠማመቅ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳርነት የሚለውጠው ብቅሉ ነው። ሳኬ ግን ብቅል የለውም። የብቅሉን ሥራ የሚሠራው በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ ተዘርቶ የሚያድግ ኮጂ የሚባል ሻጋታ ነው። ኮጂው ስታርቹን ወደ ስኳር ሲለውጥ፣ እርሾው በዚያው ጋን፣ በዚያው ሰዓት ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ ጥንስሱ እንደ አረቄ በእሳት መውጣት ሳያስፈልገው ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ያፈራል። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ተጨምሮበት ወደ 15 ወይም 16 በመቶ ይወርዳል።

ኮጂ ሌላም ሥራ አለው። የሩዙን ፕሮቲን ሰባብሮ አሚኖ አሲድ ያደርገዋል። ኢኬዳ ኪኩናኤ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1908 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም ለይቶ ኡማሚ ብሎ የሰየመው ጣዕም ምንጩ ከእነዚሁ አሲዶች አንዱ የሆነው ግሉታሚክ አሲድ ነው። ሳኬ በአሚኖ አሲድ ረገድ ከወይን ጠጅ ይበልጥ የበለጸገ ነው። ከምግብ ጋር የሚስማማበት ዋናው ምሥጢርም ከዚህ ላይ ይገኛል።

የፍተጋ ጉዳይ የሚነሣውም እዚህ ነው። ፕሮቲንና ስብ የሚበዙት በሩዙ ፍሬ ውጫዊ ክፍል ነው። ከልክ ሲያልፉ መጠጡን ያከብዱታል፤ የፍራፍሬ የሚመስለው መዓዛም እንዳይወጣ ያግዱታል። ስለዚህ ጠማቂው ሩዙን ይፈትጋል። በጃፓን ደንብ መሠረት አንድ ሳኬ ጊንጆ ለመባል ከፍሬው ቢበዛ 60 በመቶው፣ ዳይጊንጆ ለመባል ቢበዛ 50 በመቶው ብቻ መቅረት አለበት። ፍተጋ እንግዲህ መሣሪያ ነው። አናጢ እንጨቱን የሚልገው ለወንበሩ ሲል ነው፤ አብዝቶ የላገ ሁሉ ጥሩ ወንበር ሠራ አይባልም።

ይሁን እንጂ የዛሬው ትምህርት መሣሪያውን መለኪያ አድርጎታል። ይህም ያለ ምክንያት አልተወለደም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጃፓን የሩዝ እጦት ደርሶባት ነበር። ጠማቂዎች በጥቂት ሩዝ ብዙ መጠጥ እንዲያወጡ፣ በጥንስሱ ላይ አልኮል፣ ግሉኮስ፣ አሲድና ማጣፈጫ እየጨመሩ መጠኑን ሦስት እጥፍ የሚያደርሱበት ዘዴ ተፈቀደላቸው። የሩዝ ችግሩ ካለፈም በኋላ ዘዴው ለብዙ ዘመን ቀጠለ። መጠጡ ሻካራ ስለነበረ አብዝቶ ማሞቅ ጉድለቱን መሸፈኛ ሆነ። ቀደም ሲል ይበልጡን ለውድድር ብቻ ይጠመቅ የነበረው ጊንጆ በ1980ዎቹ በስፋት ገበያ ላይ ሲውል፣ ከዚያ ሻካራ መጠጥ መለየቱ እንዲታወቅ ቀዝቅዞ ይቅረብ ተባለ። ለጊዜው ተገቢ መድኃኒት ነበር። በ2006 በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ግን ያ ሦስት እጥፍ ድብልቅ ሳኬ ተብሎ መሸጡ አክትሟል። በሽታው ካለፈ በኋላ መድኃኒቱን ቀለብ አድርጎ መኖር ጤንነት አይደለም።

በጠርሙስ ላይ በተጻፈ ነገር የመፍረድ ልማድም የራሱ ታሪክ አለው። መንግሥት በ1943 ሳኬን በደረጃ እየከፋፈለ ቀረጥ የሚጥልበትን ሥርዓት አቆመ። ለምርመራ ያልቀረበ ሳኬ ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ ይይዝ ነበር። በሚያጊ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ኢቺኖኩራ የተባለ ጠማቂ ቤት በ1977 መልካም ሳኬውን ሆን ብሎ ለምርመራ ሳያቀርብ፣ «ያልተመረመረ» የሚል ስም ሰጥቶ በዝቅተኛ ደረጃ መሸጥ ጀመረ። ቀረጡ ስለሚቀንስ ሕዝቡ ጥሩውን መጠጥ በርካሽ አገኘ፤ የደረጃው ከንቱነትም ከማንኛውም ክርክር ይልቅ በዚህ ተጋለጠ። በ1989 ጊንጆን፣ ጁንማይንና ሆንጆዞን የመሰሉት ስያሜዎች በደንብ ተወሰኑ፤ በ1992 ደግሞ የደረጃው ሥርዓት ፈጽሞ ተሻረ። ደረጃው ተሻረ እንጂ ጠርሙሱን አንብቦ የመፍረድ ልማድ አልተሻረም። ቀድሞ «ልዩ ደረጃ» የሚለውን ቃል ይፈልግ የነበረው ዓይን ዛሬ የመቶኛውን ቁጥር ይፈልጋል።

ይህ የቁጥር ፉክክር በ2010ዎቹ ከሩዙ ፍሬ 1 በመቶው ብቻ እስኪቀር የተፈተገ ሳኬ ለገበያ እስከማቅረብ ደርሷል። ገበሬው በክረምትና በበጋ ደክሞ ካመረተው ሩዝ 99 እጁ ዱቄት ሆኖ ሄደ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የተፈተገው ዱቄት አይጣልም፤ ለብስኩትና ለከብት መኖ ይውላል። ነገር ግን በ2025 አጋማሽ የምግብ ሩዝ ዋጋ በጃፓን ገበያ ከቀዳሚው ዓመት ወደ እጥፍ ገደማ አሻቅቦ፣ የሳኬ ሩዝ የሚዘሩት ገበሬዎች ፊታቸውን ወደ ምግብ ሩዝ እንዳያዞሩ ጠማቂዎች በሰጉበት ጊዜ፣ ብክነትን የክብር ምልክት ማድረግ ምን ያህል ከእውነተኛው ኑሮ የራቀ አስተሳሰብ መሆኑ ግልጽ ሆኖ ታይቷል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አብዝቶ መፈተግ የሩዙን ማንነት ያጠፋል። በ1859 በኦካያማ የተገኘው ኦማቺ የተባለው የሩዝ ዘር ለመጠጡ ወፍራምና ሥር ያለው ጣዕም ይሰጣል። በሂዮጎ ተዳቅሎ በ1936 ስሙን ያገኘው ያማዳ ኒሺኪ ደግሞ በልስላሴው የታወቀ ነው። ሁለቱም እየተፈተጉ ወደ እምብርታቸው ብቻ ሲቀሩ ልዩነታቸው እየሳሳ ይሄዳል። ለጁንማይ፣ ማለትም አልኮል ሳይጨመርበት ከሩዝና ከኮጂ ብቻ ለሚጠመቀው ሳኬ፣ የፍተጋ ወሰን መደንገጉ በ2004 ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የሩዙን 80 ወይም 90 በመቶ እያስቀሩ ግሩም ሳኬ የሚጠምቁ ቤቶች ታይተዋል። ሕጉ እንኳ የተወውን መለኪያ ቀማሹ የሙጥኝ ማለቱ ያስገርማል።

የስሕተቱ ሁለተኛ ምንጭ የቀማሽነት ሙያ ከተመጋቢነት ጋር መደባለቁ ነው። በጃፓን የአዲስ ሳኬ አገር አቀፍ ግምገማ የተጀመረው በ1911 ነው። ገምጋሚው መጠጡን ያሸታል፣ በአፉ ያንሸራሽራል፣ ይተፋዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ባለሙያዎቹ የሚገለገሉበት ነጭ የሸክላ ሲኒም ከወለሉ ላይ ሁለት ሰማያዊ ክቦች ያሉበት ነው፤ ክቦቹ የመጠጡን ጥራትና ቀለም ለመለየት ይረዳሉ። ይህ ሁሉ ጉድለትን ፈልጎ ለማግኘት፣ ጠማቂውንም ለማስተማር የተበጀ ዘዴ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ሆኖም በመቶ የሚቆጠር ሳኬ ያለ ምግብ ተቀምሶ በሚተፋበት አዳራሽ ጎልቶ የሚወጣው መዓዛው የሚጮኸው ነው። ከዚህም የተነሣ ጠማቂዎች ራሳቸው «ዋይ ኬይ 35» ብለው የሚጠሩት ቀመር ተፈጠረ፤ ያማዳ ኒሺኪ፣ የኩማሞቶ እርሾና 35 በመቶ እስኪቀር የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ ያሉ ቤቶች አንድ ቀመር ሲከተሉ ውጤቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ያለው መዘምራን ይሆናል። በዚያ አዳራሽ የተሸለመ ሳኬ ከተጠበሰ ዓሣ አጠገብ ሲቀመጥ ሽቶ ሽቶ እያለ ምግቡን ሊያጠፋው ይችላል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ የሚውጠው እንጂ የሚተፋው አይደለም።

«ቀዝቅዞ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ የባሰ ድህነት ያመጣል። የጃፓን ቋንቋ ለሳኬ ሙቀት ከ5 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለየእርከኑ ስም ሰጥቷል። 5 ዲግሪው የበረዶ ቅዝቃዜ፣ 10 ዲግሪው የአበባ ቅዝቃዜ ይባላል። 30 ዲግሪው ፀሐይ የሞቀው ሥፍራ፣ 35 ዲግሪው የሰው ገላ ነው። ከዚያም 40 ለብታው፣ 45 ላቅ ያለው፣ 50 ትኩሱ እየተባለ እስከ 55 ይዘልቃል። እነዚህን ስሞች ያወጣ ሕዝብ እያንዳንዱን እርከን በምላሱ ለይቶ ያውቅ እንደነበረ አያጠራጥርም። ካይባራ ኤኪከን የተባለው ሊቅም በ1710ዎቹ ስለ ጤና አጠባበቅ በጻፈው «ዮጆኩን» በተባለው መጽሐፍ፣ ሳኬ በክረምትም በበጋም ሳይቀዘቅዝ፣ ሳይፋጅም፣ ሞቅ ብሎ እንዲጠጣ መክሯል። የሞቀ ሳኬ እንግዲህ የድሆች መሸፈኛ ሳይሆን የቆየ ሥልጣኔ ነው።

ሳይንሱም ይህንኑ ይደግፋል። በሳኬ ውስጥ የሚገኙት ላክቲክና ሰክሲኒክ አሲዶች ሲሞቁ ጣዕማቸው ይለሰልሳል፣ ይሰፋልም። ማሊክ አሲድ ግን በቅዝቃዜ ይበልጥ ያምርበታል። ስለዚህ በኪሞቶና በያማሃይ ዘዴ የተጠመቀ፣ ላክቲክ አሲዱን ከተፈጥሮ ባክቴሪያ ያገኘ ሳኬ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሲሞቅ በቅዝቃዜ የደበቀውን ሁሉ ያወጣል። የሙዝና የፖም መዓዛ ያለው ስስ ዳይጊንጆ በአንጻሩ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢቀርብ ይሻለዋል፤ በ5 ዲግሪ ግን መዓዛውም ይታፈናል። የቶቶሪው የጠመቃ መምህር ኡኤሃራ ሂሮሺ፣ ራሱ የውድድር ገምጋሚ የነበረ ሰው፣ በ2006 እስካረፈ ድረስ ጁንማይ ሞቆ ሊጠጣ እንደሚገባው ሲሟገት ኖሯል። ቤቱን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ምስክርነት ነውና ክብደት አለው።

ማሞቅም ሙያ ነው። ሳኬ በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድም፤ መዓዛውና አልኮሉ ይበናሉና። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳት ይወርዳል፤ ቶኩሪ የሚባለው አንገተ ቀጭን የሸክላ ማንቆርቆሪያ እስከ አንገቱ ይነከርበታል፤ ለብ ለማለት ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። በጥንቱ የጃፓን ምግብ ቤት ይህን ሥራ ብቻ የሚሠራ አሙቂ ነበር። የእንግዳውን ፊት፣ የሌሊቱን ብርድና በመምጣት ላይ ያለውን ምግብ አይቶ ሙቀቱን ይወስን ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች ቦታውን የያዘው ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣ ደግሞ እንግዳን አያይም።

ስለ ዕቃውም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ2000 አንድ የኦስትሪያ ብርጭቆ ሠሪ ለዳይጊንጆ ብቻ የታሰበ የወይን ብርጭቆ አቀረበ። ሰፊ ሆድ ያለው ብርጭቆ መዓዛን ይሰበስባልና ለመዓዛማ ሳኬ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የሸክላ ዕቃ የሚሰጠውን ሁሉ አይሰጥም። የቢዘን ሻካራ ቶኩሪ፣ የካራትሱ ጉይኖሚ፣ በአጠቃቀም ብዛት ቀለሙ የሚለወጠው የሃጊ ሲኒ ሙቀትን ለእጅ፣ ውፍረትን ለከንፈር ይነግራሉ። ሸክላ ሠሪው ኪታኦጂ ሮሳንጂን (1883–1959) ከ1925 ጀምሮ በቶኪዮ ለሚመራው ምግብ ቤት ሣህኑንና የሳኬ ዕቃውን ራሱ ይሠራ የነበረው፣ ምግብና ዕቃ አንድ ሥራ መሆናቸውን ስለተገነዘበ ነው። በ1955 የሕያው ብሔራዊ ቅርስ ማዕረግ ሲቀርብለት አልተቀበለም፤ ሥራው ግን ዛሬም ይመሰክራል። ከዚህም ሌላ የሲኒው ትንሽነት ማኅበራዊ ትርጉም አለው። ቶሎ ስለሚያልቅ ጎረቤት ለጎረቤት ደጋግሞ ይቀዳለታል፤ ተቀጂው ሲኒውን አንሥቶ ይቀበላል፤ መልሶም ይቀዳል። ግማሽ ድረስ የተሞላ ትልቅ ብርጭቆ ይዞ ለብቻ መቀመጥ ይህን የመተያየት ሥርዓት ያስቀረዋል።

እንግዲህ ሳኬና ምግብ እንዴት ይጣመሩ? ጃፓኖች ሳኬ ከምግብ ጋር አይጣላም ይላሉ። አባባሉ መሠረት አለው። በ2009 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከባሕር ምግብ ጋር ወይን ጠጅ ሲጠጣ ለሚሰማው መጥፎ የዓሣ ሽታ አንዱ ምክንያት በወይኑ ውስጥ ያለው ብረት ነው። የሳኬ ጠማቂ ደግሞ ብረትን እንደ ጠላት ይሸሻል፤ ለጠመቃ የሚመረጠው ውሃ በሊትር ከ0.02 ሚሊግራም በላይ ብረት ሊኖረው አይገባም። በ1840 የናዳ አካባቢ ጠማቂዎች የደረሱበት ሚያሚዙ የተባለው ምንጭ ዝናው የመጣው በማዕድን ሀብቱና በብረቱ ማነስ ነው። በሌላ በኩል በሳኬው ያለው ግሉታሚክ አሲድ በዓሣና በሥጋ ውስጥ ካለው ኢኖሲኒክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ኡማሚው ይጎላል።

አይጣላም ማለት ግን ሁሉም ለሁሉም እኩል ነው ማለት አይደለም። ሥጋቸው ነጭ ለሆኑ ጥሬ ዓሣዎች ቀዝቀዝ ያለ፣ ስስና ጥርት ያለ ሳኬ ይስማማል። በጨው ለተጠበሰው ስባም የመከር ዓሣ ለሳንማ ግን አሲዱ ጠንከር ያለ ያማሃይ፣ ያውም ሞቅ ብሎ፣ ስቡን ከአፍ ያጥባል። በመረቅ ቀስ ብሎ ለበሰለው ኦደን ለብ ያለ ጁንማይ የተሻለ ጓደኛ የለውም፤ የመረቁና የመጠጡ ሙቀት ሲቀራረብ ጣዕማቸው ሳይቋረጥ ይቀጥላልና። በኮቺ ፊቱን በእሳት የተለበለበ ቦኒቶ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲቀርብ የአገሩ ደረቅ ሳኬ ይከተለዋል። በፉሺሚ ለስላሳ ውሃ የተጠመቀው ሳኬ ከኪዮቶ ረቂቅ ምግብ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ መሄድ፣ የሩዙን ምግብ ለመጨረሻ ማቆየት የገበታው ሥርዓት ነው። እነዚህን ጥምረቶች የወለዳቸው ውሃው፣ ባሕሩና ብርዱ ናቸው፤ የመቶኛ ቁጥር አንዱንም አልወለደም።

ከዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። በጃፓን የሳኬ ፍጆታ በ1973 ከ1,700,000 ኪሎሊትር በላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ አንድ ሦስተኛውን አያህልም። ብዙ ጠማቂ ቤቶች ተዘግተዋል። ወደ ውጭ የሚላከው ግን አድጎ በ2022 ወደ 47.5 ቢሊዮን የን ደርሷል፤ በሩን የከፈተውም ቀዝቃዛው ዳይጊንጆና የወይን ብርጭቆው ነው ይባላል። እውነት ነው። በር ግን የሚከፈተው ወደ ቤት ለመግባት ነው። እንግዳው በበሩ ላይ ቆሞ ከቀረ ቤቱን አየ አይባልም። በአንድ መልክ ብቻ የታወቀ መጠጥ ደግሞ ፋሽኑ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

በተቃራኒው ጫፍ የቆሙትም ከወቀሳ አያመልጡም። ጥቂት አልኮል የተጨመረበት ሳኬ ሁሉ ሐሰተኛ ነው የሚሉ አሉ። በደንቡ መሠረት በሆንጆዞም ሆነ አልኮል በሚጨመርበት ጊንጆ የሚገባው አልኮል ከነጩ ሩዝ ክብደት 10 በመቶ አይበልጥም፤ ከሦስት እጥፉ ድብልቅ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቀለል ያለ ሆንጆዞ ሞቆ ከእለት ምግብ ጋር ሲቀርብ የሚሰጠውን ደስታ መካድ፣ አሁንም ምላስን ትቶ በጽሑፍ መፍረድ ነው።

በታኅሣሥ 2024 ዩኔስኮ በኮጂ የሚሠራውን የጃፓን ባህላዊ የጠመቃ ዕውቀትና ሙያ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። ከናንቡ፣ ከኤቺጎና ከታምባ መንደሮች በክረምት እየወጡ፣ የሥራውን ሰዓት በዘፈን እየለኩ ሳኬ ሲጠምቁ ለኖሩት ገበሬዎችና ለቶጂዎቻቸው፣ ማለትም ለጠመቃ አለቆቻቸው፣ የሚገባ ክብር ነው። ይሁን እንጂ የተመዘገበው አጠማመቁ ነው። አጠጣጡ ከተረሳ ቅርሱ በግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ሳኬ አቅራቢ የሆነ ሁሉ በዝርዝሩ ላይ የፍተጋውን መቶኛ ከመጻፉ በፊት በስንት ዲግሪ፣ ከምን ምግብ ጋር እንደሚስማማ ይጻፍ። አስተናጋጅ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከብርጭቆ አያያዝ ጋር የቶኩሪን አሞቃቀም ያስተምር። ገምጋሚም ከአዳራሹ ወጥቶ የቀመሰውን ከምግብ ጋር ዳግመኛ ይቅመስ። ሩዙን የዘራው፣ የፈተገው፣ ያበሰለውና የጠመቀው ሰው ሁሉ የደከመው በገበታ ዙሪያ ለተቀመጡ ሰዎች ነው፤ ፍርዱም የሚሰጠው እነርሱ ጠጥተውና በልተው ሲነሡ ነው።